ድንበር ያሉት ገመድ

ጌም የሥራ ፈት ነው የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ይዟል። ስክሪኑን በአውራ ጣቱ ሽቅብ እየገፋ የማያውቃቸው ሰዎች ሲጨፍሩ ሲያይ የዋለ ነው። እሱ ሥራ ላይ ነው፣ ሥራ ፈቷ እኔ ነኝ! በመሥሪያ ቤታችን እንዲህ የሚሉኝ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ተደርድረው ፀሐይ የሚሞቁት ናቸው። የእንጅባራ ብርድ አይቻልም ይላሉ። እሺ፣ አይቻል፤ ይሙቁ። እኔ ታዲያ ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሬን ብከፍት የማንን ፀሐይ ጋረድኩ?

ሥራዬ የኮምፒውተር ጥገና ነው። እንጅባራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ የሰው ኮምፒውተር ሳስታምም እውላለሁ። የሚመጣው ሁሉ በሽታውን ሳይናገር መድኃኒቱን ያዛል፤ "ፎርማት አድርጊልኝ።" ማውሱ እንቢ አለ? ፎርማት። ፕሪንተሩ ወረቀት ጨረሰ? ፎርማት። "ኧረ ወንድሜ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ነው" ስለው ቅር ይለዋል፤ የናቅኩት ይመስለዋል። ፎርማት አድርጌ ፋይሉ ሲጠፋ ደግሞ "የት አደረግሽው?" ብሎ ያፈጥብኛል። ጨጓራዬን ልጠው ሊጨርሱት ነው።

እቤት ያለችው አሮጌ ዴስክቶፔ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት የጫንኩት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለማረፍ ነው። ከሰው ፍላሽ ቫይረስ አትለቅምም፤ ልሥራ ብዬ ስቀመጥ "ቆይ ራሴን ላድስ" ብላ አታስጠብቀኝም። ሰው ግን ይህንንም አይተወኝም። "ነጻ ነው?" ይሉኛል፤ አዎ ስላቸው ከንፈራቸውን ይመጥጡልኛል። በነጻ የተሰጠ ነገር የማይረባ ይመስላቸዋል፤ ተሰርቆ የተጫነው ግን ያኮራቸዋል። ሌላው ደግሞ ስክሪኑ ላይ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ትእዛዝ ስጽፍ ያይና "የሰው ባንክ ልትሰብሪ ነው?" ይለኛል። ልሰብር! በእኔ ደመወዝ ሌላ ምን ምርጫ አለኝ?

ሊኑክስም መልአክ አይደለም፤ መዋሸት አልፈልግም። ዛሬ ድምፅ አለው፤ ነገ ጠዋት ማንም ሳይነካው ድምፁ የለም። ጌም ስጭንበት ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ ስክሪኑን አጥቁሮ ያፈጥብኛል። ኔትወርክ በነበረ ጊዜ መፍትሔ ፍለጋ ስገባ፣ አዋቂ ነን የሚሉት "መጀመሪያ መመሪያውን አንብቢ" ይሉኝ ነበር። ምን አባታቸው! አንብቤ ገብቶኝ ቢሆን መች እነሱን እጠይቅ ነበር?

ከሁሉ ከሁሉ ቆሽቴን የሚያሳርረው ግን ያለ ኢንተርኔት አልከፈትም የሚል ጌም ነው። ብቻዬን፣ በራሴ ቤት፣ በራሴ መብራት ለምጫወተው ጨዋታ ከባሕር ማዶ ፈቃድ ጠይቂ ይለኛል። እኛ ዘንድ ኔትወርክ ሄደ ማለት ሄደ ነው፤ መቼ ይመለሳል ብሎ የሚጠይቅም የለም። ጌሙን የሠሩት ሰዎች በሚያውቁት ዓለም ውስጥ እንጅባራ የለችም። ያን ዓይነቱን ጌም መርቀው ቢሰጡኝ አልወስድም።

እኔ የምወደው አንድ አሮጌ ጌም ነበር። ፈቃድ አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ባዶ መሬት ይሰጡሻል፤ እንጨት ታስቆርጫለሽ፣ ድንጋይ ታስፈልጫለሽ፣ ከተማ ትመሠርቻለሽ፣ ዙሪያውን ታጥሪያለሽ፤ ከዚያ ጎረቤትሽ ሠራዊት ይዞ መጥቶ ያፈርሰዋል። የምታፈርስብኝ ደግሞ እውነተኛዋ ጎረቤቴ ነበረች።

አብረን ነው ያደግነው። የእነሱ ቤትና የእኛ ቤት በጓሮ ይገናኛሉ፤ መሀላችን ያለው የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። እሷ ዳንግላ አግብታ ሄደች። እዚያም የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታ ነበር፤ ባሏ "ከወንድ ጋር ትስቂያለሽ" ብሎ አዘጋት። ማታ ማታ ስልኳን እየተቀበለ ከላይ እስከ ታች ይበረብራል። አንድ ቀን ስልኬን አልሰጥም ብትለው በሩን ከውጭ ቆልፎባት ዋለ። በነጋታው አኩርፋ አባቷ ቤት ገባች።

አባቷ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ያገባች ልጅ አባቷ ቤት ስትቀመጥ የሰው ዓይን ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ቁርጡን ነገሯት፤ "ሥራ ይዘሽ ከተቀመጥሽ ቤቱ ቤትሽ ነው። ሥራ ፈትተሽ ያየሁሽ ቀን ግን ወደ ባልሽ ነው።" እሷም በላፕቶፗ ለሰው ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ መተየብ ያዘች። ከጠዋት ጀምሮ ትተይባለች። ደጅ ስትወጣ "ታረቃችሁ?" የማይላት ሰው ስለሌለ ገበያ መሄድ እንኳ ተወች። እኔ እነሱ ቤት ብሄድ አባቷ ፊት ተቀምጠን የምናወራው የለም፤ እሷ እኛ ቤት ብትመጣ "ዞረች" ትባላለች። ስለዚህ ኮምፒውተሮቻችንን የሚያገናኝ ገመድ ዘረጋን።

የኔትወርኩን ገመድ ዳንግላ ሄጄ ነው የገዛሁት። ሰማያዊ ነው። ጥቅሉን ይዤ ጋሪ ላይ ስወጣ ባለጋሪው "የልብስ ማስጫ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት፤ ማን ቁጭ ብሎ ያስረዳዋል። እቤት ገብቼ ጫፍና ጫፉን በፒንሳ ጨምድጄ መሰኪያ አበጀሁለት። ከእኔ መስኮት ወጥቶ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ እሷ መስኮት እንዲገባ ነው ሐሳባችን።

ችግሩ መስኮቶቻችን ፊት ለፊት አይደሉም። ገመዱ እሷ መስኮት ትይዩ እስኪደርስ አጥሩን ተከትሎ መሄድ አለበት። በእኛ በኩል ብናስኬደው ላማችን የምትታሰረው እዚያ ነው፤ ሞክረነው አኝካ ጣለችው። ስለዚህ በእነሱ በኩል፣ ከአጥሩ አንድ ክንድ ገባ ብለን፣ ጌሾው መሀል ሁለት የባሕር ዛፍ ችካል ተከልንና ገመዱ እንዳይረግብ በመሀላቸው ወጠርነው። ስንጨርስ ቆመን አየነው፤ ቀጥ ብሏል። በጣም ኮራን።

"አባቴ ካየው የሥራ ነው እንላለን" አለችኝ። ጌም መሆኑን ካወቁ ምን እንደሚከተል ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እሺ አልኳት።

ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ፣ እኔ ከሥራ ከገባሁ እስከ ራት ባለችው ጊዜ፣ ከተማ እንመሠርታለን። ጨዋታውን የምታስተናግደው የእኔ ሊኑክስ ናት። የእሷ ላፕቶፕ ላይ ያለው ዊንዶውስ ነው፤ ጌሙ እሷ ላይ ተጭኖ ወዲያው ሠራ፣ እኔ ላይ ለማስነሣት ግን ያልሞከርኩት ትእዛዝ አልቀረም። ይህን አግኝታ መቼ ትለቀኛለች! ጨዋታው ላይ መልእክት መጻፊያ ቦታ አለ፤ እዚያ ትነዘንዘኛለች።

"ሊኑክስሽ ተኛ እንዴ? ወታደሮችሽ ተገትረዋል" ትለኛለች።

"የአንቺ ፍላሽ ቫይረስ ይዟቸው ነው" እላታለሁ።

"ነጻ ሰጥተውሽ ደግሞ ታማርሪያለሽ?"

ያን ጊዜ ሳቋ በአጥሩ ላይ ይሰማኛል። አባቷም ይሰማሉ። "ምን ያስቅሻል?" ይሏታል። "የሰው ማመልከቻ ነው" ትላቸዋለች። ሰውየውም ይህን አምነው "ምን ዓይነት ማመልከቻ ነው የሚጻፈው ዘንድሮ" እያሉ ይገረሙ ነበር። ከዳንግላ ስትመጣ አንገቷን ደፍታ፣ ሲያናግሯት እንኳ ቶሎ የማትመልስ ሴት ነበረች። እዚያች ጨዋታ ላይ ግን ከተማዬን በእሳት እያጋየች ትሳደባለች። የሥራ ፈት ነው የሚሉኝ ሰዎች ይህንን ቢያዩት ብዬ ስንቴ ተመኘሁ። ግን አያዩም።

አንድ ሰሞን መሬት ለክተው ካርታ የሚሰጡ ሰዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ሰፈሩ በአንዴ ተለወጠ። ለዓመታት ጥራጊ ሲደፋበት የኖረውን ጓሮ ሰው ሁሉ ወደደው። ሽማግሌ አሮጊቱ አጥር ለአጥር እየሄደ "ይቺ ዛፍ ድሮ ወዲህ ነበረች" ይላል። አባቷም ተነሥተው ከቤታቸው ኋላ ዞሩ፣ ጌሾውን በእጃቸው ገለጥ አደረጉ፤ ሁለት ችካልና በመሀሉ ቀጥ ብሎ የተወጠረ ገመድ አዩ። ከአጥሩ አንድ ክንድ ወደ እሳቸው መሬት የገባ።

እኛ አገር ችካል ተክሎ ገመድ የሚወጥር ሰው ድንበር ነው የሚያሰምረው። ሌላ ምንም አይደለም። ገመዱ ሰማያዊ ይሁን ቢጫ፣ ጫፉ የሰው መስኮት ይግባ አይግባ፣ ማን ያያል? እሳቸው ያዩት አባቴ ለኪዎቹ ሳይደርሱ ተሹለክልኮ ገብቶ መሬታቸውን እንደከለለ ነው።

ከሥራ ስመለስ ጓሯችን ሰው በሰው ሆኗል። አባቷ ዱላቸውን ይዘው አጥሩ ማዶ ቆመዋል።

"ጨለማ ተገን አድርገህ ችካል ትተክላለህ? ጎረቤት ብዬ ያመንኩህ ሰው!" ይላሉ።

አባቴ ስለ ችካሉ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አይቶትም አያውቅ። "አላውቅም" ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አንድ ቃል! እሱ ግን አንገቱን አስግጎ በአጥሩ አሾለቀ። ችካሉ የት እንደቆመ አየ። ፊቱ ላይ ሐሳቡ ሲመጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

"አዎ፣" አለ፤ "ድንበሩ እዚያው ነው። አጥሩን ያን ጊዜ ስታድስ ወደ እኔ የገፋኸው አንተ ነህ።"

ሰው ገብቶ ሳይገላግል እጁን ጎትቼ ወደ ቤት አስገባሁት።

"አባባ፣ ችካሉን የተከልነው እኛ ነን። የጌም ገመድ ነው" አልኩት።

"ማን ሰምቷል?" አለኝ።

"ማንም።"

"እንግዲያው ዝም በይ። ገፍቶኛል፤ እኔ አውቃለሁ።"

"ገፍቶህ አያውቅም!"

"አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ?"

ይህን ሲለኝ የገዛ ራሱን ማሳመን ጀምሮ ነበር። ለነገሩ ማጋለጥ እችል ነበር፤ ወጥቼ ለሰዉ ሁሉ መናገር። ግን ከተናገርኩ አባቷ ይሰማሉ፤ ከሰሙ እሷ ዳንግላ ናት። ይህንንም ለአባቴ ነገርኩት። ይራራላት መስሎኝ። "በሰው ትዳር ምን አገባሽ?" አለኝ። እኔ በሰው ትዳር አያገባኝም፣ እሱ ግን በሰው ጓሮ ያገባዋል!

አባቷ ማስረጃ ነው ብለው ገመዱን ማንም እንዳይነካው አዘዙ። ስለዚህ ያን ቀን አመሻሽ፣ እዚያ ማዶ አባቷ ችካሉን እየጠበቁ፣ እኛ በዚያው ገመድ ተገናኘን። አልተጫወትንም። ባዶው መሬት እንደተከፈተ መልእክት ብቻ ተጻጻፍን።

"አደራሽን እንዳትናገሪ" አለችኝ።

"አባቴ እኮ መሬታችሁን ሊወስድ ነው።"

"ይውሰድ። አንድ ክንድ ነው። እኔን ከሚወስዱኝ ይሻላል።"

እሺ ብዬ ጻፍኩላት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አጥሩን ከፈት አድርገው አግዳሚ ወንበር አስገቡና አባቴን በአንድ ወገን፣ አባቷን በሌላ ወገን አደረጓቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ዙሪያውን ቆሟል። የሥራ ፈት ካላችሁ ያንን ማየት ነበር! ያን ሁሉ ጎልማሳ፣ አንድ ክንድ የጌሾ ጥግ ከብቦ። እኛ በጨዋታችን ከተማ አቃጥለን፣ ተሸናንፈን፣ ስቀን ራታችንን እንበላለን። እነሱ ግን ሊገዳደሉ ደርሰዋል፣ ደግሞም የከበረ ጉዳይ ነው።

እኔ ያለችኝን ውሸት ሞከርኩ። "አባቶቼ፣ ገመዱ የሥራ ነው፤ ፕሪንተር ለማገናኘት ነው እኔ የዘረጋሁት" አልኳቸው።

"ልጄ ፕሪንተር የላትም" አሉ አባቷ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩልኝ።

አባቴ ደግሞ እኔን ሊያድን ነው አሉ፣ "ተዉአት፣ እሷ ስለ ድንበር ምን ታውቃለች፤ አባቷን ለማዳን ብላ ነው" አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መልካም ልጅ ሆንኩላቸው።

ምስክር የለም ተባለ። የዱሮውን አጥር አቅጣጫ በእርግጥ የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። እኛ ዘንድ ምስክር ከጠፋ የሚቀረው መሐላ ነው። ዋናው ሽማግሌ ወደ አባቴ ዞረው "የእኔ ነው ያልከው አንተ ነህ። አፈሩን ይዘህ ማል። ከማልክ መሬቱ ያንተ ነው፤ ቀሪው በአንተና በፈጣሪ መሀል ነው" አሉት።

በመሬት መማል በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። በሐሰት የማለ ሰው ልጁ ይቀሠፋል ይባላል፤ ትልልቆቹ ሰዎች ማን እንደማለ፣ ማን እንደሞተበት እየቆጠሩ ይነግሩሻል። እኔ አላምንበትም። አባቴም እንደማያምንበት ያን ቀን ገባኝ፤ ወይም አንድ ክንድ መሬት ከእምነቱ በለጠበት። ጎንበስ ብሎ ከችካሉ ሥር አፈር ዘገነ። ቆሞ የነበረው ሰው ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ፤ አንዲት አሮጊት በአገውኛ የሆነ ነገር ብለው አማተቡ።

"ይህ መሬት የእኔ ካልሆነ፣" ብሎ ጀመረ አባቴ፣ "ያለችኝን አንዲት ልጅ..."

እኔን! በቁሜ፣ እዚያው አጠገቡ ቆሜ፣ ለጌሾ መትከያ እኔን አስያዘኝ።

"አይማሉ!" የሚል ጩኸት ከቤታቸው በኩል መጣ። "ጋሼ፣ ይተዉ፣ አይማሉ!"

እሷ ናት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ በጌሾው መሀል እየሮጠች መጣችና የአባቴን ክንድ ያዘችው። ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ያልቆመች ሴት ያ ሁሉ ሰው መሀል ቆመች።

"ገመዱ የእኛ ነው" አለች። "ችካሉን እኔና እሷ ነን የተከልነው። ድንበር አይደለም። ጌም እንጫወትበታለን።"

"ምን?" አሉ ዋናው ሽማግሌ።

"ጌም። የኮምፒውተር ጨዋታ።"

አንዱ ሽማግሌ "የኳስ ነው?" ብለው ጠየቁ። "አይደለም፣ ከተማ የምንሠራበት ነው" አለቻቸው፤ ድምፅዋ በጭንቅ ነው የሚሰማው። አንዱ ፈገግ አለ። ሌላው ተከተለ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ፈነዱ። የተጨነቀ ሰው ሲገላገል እንደሚስቅ ነው የሳቁት፤ ወገባቸውን ይዘው። አባቴ አፈሩን ጣለና እጁን አራገፈ። "ታዲያ ይህን ቀድማችሁ አትነግሩንም ነበር?" አለ። ይቺን ይወዳል! ሁለቱ አባቶች ተነሥተው ተቃቀፉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ሰዉ እልል አለ።

እኔ ግን የአባቷን ፊት ነበር የማየው። ሳቁ ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ።

"አመሻሽ አመሻሽ የምትስቂው ለዚህ ነው?" አሏት። "ስትተይቢ መስሎኝ?"

"ቀኑን ሙሉ ትተይባለች!" አልኩ እኔ። ጮሄ ነው ያልኩት። "ማታ ትንሽ ብትጫወት ምናለበት? እናንተ ጠጅ ቤት ስትቀመጡ ሥራ ላይ ናችሁ?"

ሳቁ ቆመ። አባቴ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝና "አታዋርጂኝ" አለኝ በጥርሱ መሀል። በአፈርና በልጁ ሊምል የነበረው ሰው፣ እኔ አዋረድኩት!

ዋናው ሽማግሌ አልተቆጡም። የባሰው እሱ ነው። በለሰለሰ ድምፅ፣ እንደ አባት፣ "ልጆቼ፣ ባል ያላት ሴት በልጅ ጨዋታ ጊዜዋን ስታጠፋ ደግ አይደለም። ሥራ ብትይዝ ኖሮ እሺ። አሁን ተቀምጠናል፤ የዚህችንም ነገር አብረን እንጨርሰው" አሉ። ተቀምጠናልና! መንገድ ላይ ያገኟትን ዕቃ እንደማንሣት። ባሏ ቆልፎባት ነው የመጣችው አልኩ። ስልኳን ይበረብራል አልኩ። "በትዳር ያለ ነው፤ እንመክረዋለን" አሉኝ። እሷ ነጠላዋን ከመሬት አንሥታ አራገፈችና ወደ ቤት ገባች።

ባልየው ሽማግሌ ልኮ መጣ። ይቅርታ ጠየቀ፤ ደህና አድርጎ ነው የጠየቀው። በግ ታረደ፣ ተበላ። እኔ አልሄድኩም፤ የድግሱን ቁራሽ እንጀራ እንኳ ከአፌ አላደርስም ብዬ። የምትሄድ ዕለት ጠዋት ግን በዋናው በር ገባሁ። አሁን ማን ምን ይለኛል? ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እያጠፈች ነበር።

ልሰናበታት ነበር የሄድኩት፤ አፌን ስከፍት ግን የወጣው ቁጣ ነው።

"ለምን ተናገርሽ? አንድ ክንድ ነው ብለሽኝ አልነበረም?"

"ሊምልብሽ ነበር።"

"ይማል! አፈር ስለዘገነ ሰው ይሞታል እንዴ? እኔ አላምንበትም።"

"እኔ አምንበታለሁ" አለችኝ፤ ቀሚሷን እያጠፈች። "ብትሞችስ?"

ሻንጣዋን ዘጋችና አቀፈችኝ። ላፕቶፑን አልወሰደችም፤ ባሏ "እዚያው ይቆይ፣ ምን ይሠራልሻል" ብሏታል። ወንድሟ ሻንጣውን ሚኒባሱ ላይ ሰቀለላትና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስደውልላት ስልኩን የሚያነሣው ባሏ ነው። በትሕትና "ደህና ናት፣ አልተመቻትም" ይለኛል።

ለኪዎቹም መጡ። በሦስት እግር የሚቆም መሣሪያ ይዘው ከአስፋልቱ ጀምረው ለኩ፣ ጓሮ ገብተው ወጡ። ችካሉን ዞር ብለው አላዩትም። አጥሩንም አላዩትም። አባቴና አባቷ አብረው ከኋላ ከኋላቸው ሲሄዱ አየኋቸው፤ ሲሳሳቁ። አሁን ወዳጅ ናቸው። በዓል ሲሆን ይጠራራሉ።

እኔ ጌሙን አጥፍቼዋለሁ። ያለ እሷ ከኮምፒውተሩ ጋር ብጫወት አይሆንም፤ ኮምፒውተር ሲሸነፍ አይሳደብም። በመሥሪያ ቤት "ዛሬ ዛሬ ጌሙን ተውሽ፣ ደግ አደረግሽ፣ ልብ ገዛሽ" የሚሉኝ አሉ። እንዲህ ያለኝን ሰው ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ እንደተበላሸ አሳድረዋለሁ።

በቀደም አመሻሽ አባቴ ክፍሌ መጣ። ገመዱን አጠንቅቆ ጠቅልሎ፣ ጭቃውን ጠርጎ ይዞታል። በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አመነታ።

"ከጎረቤታችን ጋር ተነጋግረናል" አለኝ። "እሱም ቅር አይለውም፣ እኔም። ሰው ሁሉ አሁን ምን እንደሆነ አውቋል። መልሰሽ ዘርጊው።"

"ለማን ልዘርጋው አባባ?"

ቀልድ አልነበረበትም። ቆሞ ከልቡ አሰበበት።

"ጌም አይደል እንዴ፣" አለኝ፤ "ከሌላ ሰው ጋር ተጫወቺ።"

በሩን ዘጋሁበት።